የመመለስ ተስፋና የተእዊል ወሰን፦ ባሃኢያንና ክርስቲያኖች በዳግም ምጽአት ንባብ ስለሚለያዩበት ነጥብ የቀረበ ሂስ

በ1887 መገባደጃ ገደማ፣ ከመተማ ማዶ በገላባት በሰፈረው የመህዲያ ጦር ውስጥ አደም ሙሐመድ አል-በርቃዊ የተባለ ሰው የሚጠበቀው ነቢዩ ዒሳ (ዐ.ሰ.) እርሱ መሆኑን ተናገረ። (ዓመተ ምሕረት ተብሎ ካልተጠቀሰ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።) ከጦሩ አለቆች አንዳንዶቹ አምነው ተከተሉት። ነገሩ በክርክር አልተቋጨም፤ ሐምዳን አቡ ዐንጃ ሰውየውንና ግንባር ቀደም ተከታዮቹን ያዘ፣ በኸሊፋው ትእዛዝም ተገደሉ። በ1888 መጀመሪያ ያው ጦር ጎንደርን አቃጠለ፤ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ደግሞ አፄ ዮሐንስ አራተኛ መተማ ላይ ቆስለው ሞቱ።

የአል-በርቃዊን ነገር ተራ እብደት ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ይሁን እንጂ ተከታዮቹ ያመኑበት ምክንያት ከትምህርታችን የራቀ አይደለም። ሙሐመድ አሕመድ በ1881 መህዲነቱን ዐውጆ በ1885 ሞቷል፤ የመህዲ መምጣት ደግሞ በብዙኃኑ ዘንድ ከዒሳ መውረድ ጋር ተያይዞ ይታወቃል። የመጀመሪያው ተፈጽሟል ብሎ የተቀበለ ወታደር ሁለተኛውን ቢጠብቅ አያስደንቅም። ስለ ዒሳ መመለስ ሰምተዋል፤ የሰሙትን በማን ላይ እንደሚያውሉት የሚለዩበት መለኪያ ግን አልነበራቸውም።

በዚያው ዘመን በዐካ ከተማ በግዞት የሚኖር ሌላ ሰው የመመለስ ተስፋ በእርሱ መፈጸሙን አስተምሮ ነበር። ይህ በተከታዮቹ ዘንድ ባሃኡላህ የሚባለው ሚርዛ ሑሰይን ዐሊ (1817–1892) ነው። ሁለቱን ሰዎች የሚያገናኝ ታሪክ የለም፤ እኩል አድርጎ ማቅረብም ፍትሕ አይደለም። የገላባቱ ሰው ከጦር ሰፈር ወሬ ያለፈ ነገር አላቆየም፤ ሁለተኛው ብዙ ጽሑፎችንና እስከ ዛሬ የዘለቀ ማኅበረሰብ ትቶ አልፏል። የንባብ ጥያቄው ግን አንድ ነው፦ የአንድን ሰው መመለስ የሚናገር ጥቅስ ከግልጽ ፍቺው ወደ ምሳሌ የሚሻገረው መቼ ነው? በማንስ ፈቃድ? ባሃኢያንና ክርስቲያኖች በዚህ ጥያቄ ላይ ይከራከራሉ። እኛ ሙስሊሞች ክርክሩን ከዳር ሆነን የምናይ ቢመስለንም በመካከሉ ቆመናል፤ አንዱን ወገን የምንመዝንበት ሚዛን ነገ በእኛ ንባብ ላይ ይውላልና።

የባሃኢያን ንባብ

የባሃኢ እምነት መነሻ የሺራዙ ሰይድ ዐሊ ሙሐመድ (ባብ) በ1844 ያቀረበው ጥሪ ነው፤ እርሱም በ1850 በተብሪዝ ተገደለ። ባሃኡላህ ከ1861 እስከ 1862 ባለው ጊዜ በባግዳድ ሳለ የባብ አጎት ላቀረበለት ጥያቄ መልስ እንዲሆን «ኪታብ አል-ኢቃንን» ጻፈ። የመጽሐፉ ትልቅ ክፍል በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 24 ከቁጥር 29 ጀምሮ ባለው ቃል ላይ ያረፈ ነው። ፀሐይ እንደምትጨልም፣ ጨረቃ ብርሃኗን እንደምትከለክል፣ ከዋክብት እንደሚወድቁና የሰው ልጅ በደመና እንደሚመጣ የሚናገረው ክፍል ነው።

በዚህ ንባብ ፀሐይ አንድም የአላህ መልእክተኛ ነው፣ አንድም የሃይማኖቱ ሊቃውንት፣ አንድም እንደ ጾምና ሶላት ያሉ ድንጋጌዎች። የከዋክብት መውደቅ ሊቃውንቱ ከእውቀትና ከእምነት ደረጃቸው መውረዳቸው ነው። ደመናው ደግሞ ሰዎች መልእክተኛውን እንዳያውቁ የሚጋርዳቸው ነገር ሁሉ ነው፤ የቀድሞው ሕግ መለወጥ፣ የመልእክተኛው እንደማንኛውም ሰው መብላት፣ መራብና መድኸየት። ቂያማ ራሱ የአዲስ መልእክተኛ መነሣት ይሆናል፤ ከአላህ ጋር መገናኘትም ከእርሱ ጋር መገናኘት ይሆናል። በዚህ መንገድ የቁርኣን አንቀጾችም አብረው ይተረጎማሉ፤ በሱረቱል ኢንፊጣር መግቢያ የተነገረው የሰማይ መሰንጠቅ የቀደመው ሃይማኖት ሰማይ መሰንጠቅ ተደርጎ ይነበባል።

ልጁ ዐብዱልባሃ በዐካ የሰጣቸው መልሶች ተሰብስበው በ1908 በመጽሐፍ ታትመዋል። በእነዚያ መልሶች የዒሳ ትንሣኤ ሥጋዊ አይደለም፤ ከሦስት ቀን ድንጋጤ በኋላ የሐዋርያቱ እምነት ዳግም ሕያው መሆኑ ነው። በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 11 የተጠቀሱት ሁለት ምስክሮች ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) እና ዐሊ (ረ.ዐ.) ናቸው። በዚያው የተነገሩት 1260 ቀናት 1260 የሂጅራ ዓመታት ሆነው ወደ 1844 ያደርሳሉ።

ይህ ትምህርት ወደ አገራችን የገባው በ1934 ግብፃዊው ሰብሪ ኢልያስ ወደ አዲስ አበባ በመጣበት ጊዜ ነው፤ በዚያው ዓመት የመጀመሪያው የአዲስ አበባ የአካባቢ ምክር ቤታቸው ተመሠረተ። ኢማሞች ሊያውቁት የሚገባ ሌላም ነጥብ አለ። በ1925 በግብፅ የቢባ ሸሪዓ ፍርድ ቤት የባሃኢ እምነት ከእስልምና የተለየ ራሱን የቻለ ሃይማኖት መሆኑን ወስኗል፤ ባሃኢያንም ውሳኔውን እንደ ማረጋገጫ ተቀብለውታል። ስለዚህ ከእስልምና ፊርቃዎች እንደ አንዱ ቆጥሮ ማስተማር ለእኛም ለእነርሱም ትክክል አይደለም።

የክርስቲያኖች መልስ

በዚህ አገር የማቴዎስ 24 ንባብ በመጽሐፍ መደርደሪያ ላይ የቀረ ነገር አይደለም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በዐቢይ ጾም እኩሌታ በሚውለው በደብረ ዘይት ሰንበት በየዓመቱ ለምእመናን ይነበባል። ጎንደር ያሳደገችው የአንድምታ ትርጓሜ ምሳሌያዊ ፍቺን የሚሸሽ ትውፊትም አይደለም፤ ስሙን ያገኘው ከንባቡ በኋላ «አንድም» እያለ ፍቺ በፍቺ ላይ ስለሚደራርብ ነው። ስለዚህ ክርስቲያኑ ባሃኢውን የሚቃወመው ምሳሌ ስለማያውቅ ነው ማለት አይቻልም።

ዋነኛ ማስረጃው ሌላ ነው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 1 ከቁጥር 9 እስከ 11 ያለው ክፍል ዒሳ በተከታዮቹ ዓይን ፊት ከፍ ከፍ እንዳለ፣ ደመና እንደተቀበለችውና በሄደበት ሁኔታ እንደሚመለስ ይናገራል። እዚህ ላይ ደመናው በተመልካች ፊት የሆነ ክስተት አካል ነው፤ የሚመለሰውም ያው የሄደው ነው። ጳውሎስም በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 15 የእምነቱን ሁሉ ክብደት በትንሣኤው እውነትነት ላይ አሳርፏል። ክርስቲያኑ እንደሚለው ትንሣኤው የሐዋርያት ልብ መነቃቃት ብቻ ከሆነ የጳውሎስ ክርክር መሠረት ያጣል።

የባሃኢያን ጠንካራ ማስረጃ

ባሃኢው ለዚህ መልስ የለውም ማለት አድልዎ ነው። ከመልሶቹ ሁሉ ጠንካራው የኤልያስ ጉዳይ ነው። በነገሥት መጽሐፍ ኤልያስ በዐውሎ ነፋስ ወደ ሰማይ ወጥቷል፤ ሚልክያስም ከታላቁ ቀን በፊት ኤልያስ እንደሚላክ ተናግሯል። አይሁድ ያንኑ ኤልያስ ሲጠብቁ በማቴዎስ 11፥14 እና 17፥12 ዒሳ የሚጠበቀው ኤልያስ መጥምቁ ዮሐንስ (የሕያ) መሆኑን አስታወቀ። ባሃኢው ይህን ይዞ ይጠይቃል፦ የኤልያስ መመለስ በሌላ ሰው መምጣት ከተፈጸመ፣ የዒሳ መመለስ በሌላ ሰው መምጣት የማይፈጸመው ለምንድን ነው? አይሁድ በግልጽ ፍቺ ላይ ተጣብቀው ነቢይ ካለፋቸው፣ ክርስቲያኖችስ በዚያው መንገድ አላለፋቸውም?

ክርስቲያኑ በሦስት ነገር ይመልሳል። አንደኛ፣ ሉቃስ 1፥17 ዮሐንስ በኤልያስ መንፈስና ኃይል እንደሚሄድ ስለሚገልጽ የመመለሱን ዓይነት ጥቅሱ ራሱ ወስኖታል። ሁለተኛ፣ በዮሐንስ 1፥21 መጥምቁ ራሱ ኤልያስ መሆኑን ክዷል። ሦስተኛ፣ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ሄኖክና ኤልያስ ከምጽአት በፊት በአካል ይመጣሉ ተብሎ ይጠበቃል፤ ስለዚህ የሚልክያስ ቃል በዮሐንስ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። መልሱ ክብደት አለው። ሆኖም ክርስቲያኑ ከአይሁድ ጋር ሲከራከር በኢሳይያስ 11 የተነገረውን፣ ተኩላ ከበግ ጋር የሚያድርበትን ሰላም፣ በመንፈሳዊ መንገድ ይፈታዋል፤ አለዚያም ወደ ኋለኛው ዘመን ያስተላልፈዋል። አይሁዳዊው ለክርስቲያኑ የሚያነሣው ጥያቄና ክርስቲያኑ ለባሃኢው የሚያነሣው ጥያቄ ወንድማማቾች ናቸው።

የተእዊል ሚዛን

እስልምና ተእዊልን በጅምላ አልከለከለም፤ በጅምላም አልፈቀደም። በሱረቱ ኣሊ ዒምራን 7ኛው አንቀጽ ሙሕከምና ሙተሻቢህ አንቀጾች መኖራቸው ተነግሯል። ትክክለኛውን ተእዊል የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው በሚለው ላይ ይቆማል ወይስ በእውቀት የጸኑት ይጨመራሉ በሚለው ላይ ሙፈሲሮች ተለያይተዋል፤ ብዙኃኑ የመጀመሪያውን መርጠዋል። ኪታብ አል-ኢቃን የሚደገፈው በሁለተኛው ነው። ስለዚህ ክርክሩ በዚህ አንቀጽ ብቻ አይዘጋም።

የበለጠ የሚጠቅመን ኢማም አል-ገዛሊ (ሞት 1111) በ«ፈይሰል አት-ተፍሪቃ» ያስቀመጡት ደንብ ነው። አንድ የወሕይ ቃል የሚያመለክተው ነገር አምስት የመኖር ደረጃዎች ሊኖሩት ይችላል፦ ዛቲ፣ ሒሲ፣ ኸያሊ፣ ዐቅሊና ሸበሂ፤ ማለትም በእውኑ ያለ፣ በስሜት የሚታይ፣ በምናብ የሚቀረጽ፣ በአእምሮ የሚታወቅና በመመሳሰል የሚነገር። ከላይኛው ወደ ታችኛው የሚወረደው የላይኛው የማይቻል መሆኑ በቁርጥ ማስረጃ ሲረጋገጥ ብቻ ነው፤ አወራረዱም በደረጃ ነው። ቁርጥ ማስረጃ ሳይኖር የአካልን ከሞት መነሣት መካድንም ገዛሊ ከኩፍር ቆጥረውታል። ከዚህ ደንብ ሦስት ጥያቄዎችን ማውጣት ይቻላል።

የመጀመሪያው፦ ከግልጽ ፍቺ የሚያስወጣ ማስረጃ አለ ወይ? ባሃኢያን ከዋክብት ከምድር እጅግ ስለሚበልጡ በምድር ላይ ሊወድቁ አይችሉም ይላሉ። ይህን ብንቀበል እንኳ ማስረጃው የሚያንቀሳቅሰው የከዋክብቱን መውደቅ ብቻ ነው፤ እርሱንም ለሰው ዓይን ወደሚታይ መጨለምና መርገፍ፣ ማለትም ወደ ሒሲ ደረጃ፣ ያወርደዋል። በአንድ ዝላይ ከዋክብትን ሊቃውንት ለማድረግ አይበቃም። የሚመለሰውን ሰው በሌላ ሰው ለመተካትማ ጭራሽ አይነካም።

ሁለተኛው፦ ደንቡ በየቦታው እኩል ይሠራል ወይ? ባሃኢያን የዒሳን ያለ አባት መወለድ በግልጽ ፍቺው ይቀበላሉ። ስቅለቱንም እንደ ክርስቲያኖች ይቀበላሉ፤ በሱረቱን-ኒሳእ 157ኛው አንቀጽ የተነገረውን የስቅለት መካድ ወደ መንፈሱ ይመልሱታል። ትንሣኤውንና ዕርገቱን ግን በምሳሌ ይፈታሉ። ከድንግል መወለድ ለአላህ የሚቻል ከሆነ ወደ ሰማይ መነሣት የማይቻል የሆነበት ምክንያት ምንድን ነው? የመጨረሻ መልሳቸው የተፈቀደለት ተርጓሚ እንዲህ ወስኗል የሚል ነው፤ ይህም ሥልጣን ለዐብዱልባሃ፣ ከእርሱም በኋላ በ1957 ለሞተው ለሾጊ ኤፌንዲ የተሰጠ ነው። በማኅበረሰባቸው ውስጥ ይህ አንድነታቸውን የጠበቀ ሥርዓት ነው፤ ለውጭ ሰው ግን ማስረጃ አይሆንም። ትርጓሜው የሰውየውን ሥልጣን ሊያስረዳ ቀርቦ ሳለ፣ ትርጓሜው ራሱ በሰውየው ሥልጣን ላይ ይደገፋል። በመንጢቅ ትምህርታችን ይህ ደውር ይባላል።

ሦስተኛው፦ ትርጓሜው አንዱን ከሌላው ይለያል ወይ? ደመናው የሰዎች መጋረጃ፣ መመለሱም የሌላ ሰው መነሣት ከሆነ፣ የገላባቱ አል-በርቃዊም ያንኑ ፍቺ ለራሱ ሊያውለው ይችል ነበር። እርሱም ሰው ነበረ፤ የከለከሉትም የዘመኑ ሹማምንት ነበሩ። በ1921 በዳርፉር ኒያላ ላይ ዒሳ ነኝ ብሎ የተነሣው ዐብደላህ አስ-ሱሐይኒም እንዲሁ። የቀን ስሌትም አይለይም። በአሜሪካ ዊልያም ሚለር በዳንኤል 8፥14 ያሉትን 2300 ቀናት ዓመታት አድርጎ ወደ 1843 እና 1844 ደርሶ ነበር፤ የሚጠበቀው ባለመምጣቱ ከተከታዮቹ አንዳንዶቹ ዓመቱን ይዘው ፍቺውን ለወጡ፣ የአድቬንቲስት ቤተ ክርስቲያንም ከዚያ በቀለች። ለሁለት የማይስማሙ እምነቶች አንድ ዓመት የሚመሰክር ስሌት ለአንዳቸውም አልመሰከረም። ባሃኢው እዚህ ላይ እውነተኛው ከሐሰተኛው የሚለየው በመጽሐፉ፣ በሕይወቱና በፍሬው ነው ይላል። ይህ ሊደመጥ የሚገባው መከራከሪያ ነው። ግን ከተቀበልነው ክርክሩ ከማቴዎስ 24 ወጥቷል ማለት ነው፤ ጥቅሱ ምስክር መሆኑ ቀርቶ ከውሳኔው በኋላ የተጠራ ሆኗል።

የኑዙል ሐዲሶች በዚህ ረገድ የሚሰጡት ጥበቃ ከዚህ ይታያል። በሱረቱን-ኒሳእ 159ኛው አንቀጽ «ከመሞቱ በፊት» በሚለው ተውላጠ ስም ላይ፣ በሱረቱዝ-ዙኽሩፍ 61ኛው አንቀጽም ላይ ሙፈሲሮች እንደሚለያዩ መደበቅ አይገባም። ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በብዙ መንገድ የተላለፉት ሐዲሶች ግን የሚወርደውን «የመርየም ልጅ» ብለው በእናቱ ስም ይጠሩታል፤ በሙስሊም ዘገባ ከደማስቆ ምሥራቅ ባለው ነጭ ሚናራ ዘንድ በሁለት መላእክት ክንፍ ላይ እጆቹን አድርጎ እንደሚወርድ ይገልጻሉ። እነዚህ ዝርዝሮች ሰውየውን ይወስናሉ፤ ሌላ ሰው በስሙ እንዳይገባ በሩን ይጠብቃሉ። የነቢያት መደምደሚያነትም እንደዚሁ ነው። ባሃኢያን የአሕዛብን ምዕራፍ 40ኛ አንቀጽ ነቢያት ሁሉ በባሕርይ አንድ ስለሆኑ እያንዳንዱ መጀመሪያም መጨረሻም ነኝ ሊል ይችላል ብለው ይፈቱታል። በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበው የሕንፃው ምሳሌ ግን ነቢዩን አንድ ጡብ ብቻ በጎደለው ሕንፃ ላይ የተጨመረ የመጨረሻ ጡብ ያደርጋቸዋል፤ ሕንፃው ከተሞላ በኋላ ለሌላ ጡብ የሚተርፍ ቦታ የለም።

ሚዛኑ በእኛ ላይ

እስካሁን ያለው ለአንባቢው ደስ ሊያሰኘው ይችላል። ሆኖም ሚዛን ለአንድ ወገን ብቻ የሚሠራ ከሆነ ሚዛን አይደለም። በየመስጊዱ ዳእዋ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 14 እና 16 የተነገረው ጰራቅሊጦስ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) መሆናቸው ሲነገር ይሰማል። ባሃኢያን በምዕራፍ 16፥13 ያለውን የእውነት መንፈስ ለባሃኡላህ ያውሉታል። ክርስቲያኑ ደግሞ 14፥26 መንፈስ ቅዱስ መሆኑን በስሙ ጠርቶታል ይላል። አንድ ቃል ሦስት ባለቤት አግኝቷል። አስተማሪያችን 16፥13ን ይዞ 14፥26ን የሚዘልል ከሆነ፣ በባሃኢው ላይ የነቀፈውን ያንኑ እየሠራ ነው።

ይህን ማለት የዒሳን ብሥራት መካድ አይደለም። በሱረቱስ-ሶፍ 6ኛው አንቀጽ የተነገረውን በቁርኣንነቱ እናምናለን። የነቢያችን ነቢይነት ማስረጃ ግን ቁርኣኑና ሕይወታቸው ነው፤ ከሌላው መጽሐፍ ተቆርጦ በወጣ ጥቅስ ላይ አልቆመም። የዚህ ዓይነት ቆረጣ ሲደረግብን ምን እንደሚሰማ የጎንደር ሙስሊም ያውቃል። የበጌምድሩ ሸኽ ዘካርያስ የቁርኣን አንቀጾችን እየጠቀሱ ሙስሊሞችን ወደ ክርስትና ጠርተዋል፤ በ1910 በደብረ ታቦር ተጠምቀው ብዙ ተከታዮቻቸውም አብረዋቸው ሄደዋል። ዑለማእ ያቀረቡት ተቃውሞ አንቀጾቹ ከአውዳቸው ወጥተዋል የሚል ነበር ማለት ተገቢ ከሆነ፣ ያው ተቃውሞ ክርስቲያኑ ወንጌሉን ይዞ ወደ እኛ ሲመጣም መደመጥ አለበት።

በፊደል ቁጥርና በሂሳብ የቂያማን ዘመን ለማውጣት የሚሞክሩ ጽሑፎችም በመካከላችን ይዞራሉ። የሰዓቲቱ እውቀት ከአላህ ዘንድ ብቻ መሆኑ በሱረቱል አዕራፍ 187ኛው አንቀጽ ተነግሯል፤ ማቴዎስ 24፥36ም ቀኒቱንና ሰዓቲቱን ማንም እንደማያውቅ ይናገራል። የ1844ን ስሌት የሚነቅፍ ኡስታዝ የራሱን ወገን ስሌት ዝም ብሎ ሊያልፍ አይገባውም።

ለመድረሳና ለሚንበር

በገንዳ ውሃ፣ በመተማና በአካባቢው ቆላ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ገበያ ይገናኛሉ፤ ከሱዳንም ሰውና ወሬ በየዕለቱ ይሻገራል። መከራ በበዛበት ጊዜ የመጨረሻው ዘመን ምልክት ተፈጸመ የሚል ድምፅ ጆሮ አያጣም። ስለዚህ ተማሪ ጥቅስ በቃሉ ከመያዙ በፊት ጥቅስን የሚመዝንበትን ደንብ ቢማር ለሃይማኖቱም ለጎረቤቱም ደኅንነት ነው።

ለዚህ ሦስት ነገሮች ይበቃሉ። የሌላውን እምነት ትርጓሜ ስናስተምር ባለቤቱ ቢሰማው «አዎ፣ የምንለው ይህን ነው» በሚለው መልክ እናቅርብ፤ ባሃኢን ከራሱ መጽሐፍ፣ ክርስቲያንን ከራሱ ትርጓሜ። ቀጥለን ሦስቱን የተእዊል ጥያቄዎች፣ የማስረጃን፣ የእኩልነትንና የመለየትን፣ በሌላው ላይም በራሳችንም ላይ እናንሣ። በመጨረሻም ሂስ በትርጓሜው ላይ እንጂ በተርጓሚው ደምና ክብር ላይ እንዳይሆን እንጠብቅ፤ በሱረቱል ዐንከቡት 46ኛው አንቀጽ ከመጽሐፉ ሰዎች ጋር በመልካሟ መንገድ ካልሆነ በቀር እንዳንከራከር ታዘናል። የገላባቱ አል-በርቃዊ በሰይፍ ዝም አለ፤ ያመኑት ሰዎች ያነሡት ጥያቄ ግን ሳይመለስ ቀረ። በኒያላ ሠላሳ አራት ዓመት ቆይቶ በሌላ ሰው ስም ተነሣ። ለእንዲህ ያለው ጥያቄ መልስ መስጠት የሰይፍ ሳይሆን የመምህር ሥራ ነው።